ግማሹ የት አለ?

ማርኒ ከረጢቱን ገልብጣ አራገፈችው። እጇን ከትታ ዳበሰችው። ደግሞ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ ውስጡን ቃኘችው። ባዶ ነው።

«ሮንዳ፣ ግማሹ ቀርቷል መሰለኝ» አለች።

«የምኑ?»

«የልብሱ ነዋ! ግማሹ የት አለ?»

ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡት ጆሊንና ትሪሽ ተያዩና አንገታቸውን ደፉ። ሮንዳ ፈገግ እንኳ አላለችም። ሮንዳ በጥርስ ሐኪሙ ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት፤ በከተማው የከርሊንግ ክለብ ደግሞ የሴቶቹ ቡድን አለቃ። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ መልስ በማይሰጥበት ቤት ስትሠራ ስለኖረች ነው መሰለኝ፣ ከሰው መልስ መጠበቅ ከተወች ቆይታለች።

«ሙሉው ይኸው ነው» አለች። «የሌሊት ወፍ ነው። ጆሮ አለው፤ ክንፍ አለው። ሌላ ምን ቀረሽ?»

እርግጥ ጆሮ አለው። ክንፍም አለው፤ መዳፍ የሚያካክሉ ሁለት ክንፎች ጀርባው ላይ ተለጥፈዋል፣ እንኳን የሌሊት ወፍ ዝንብም አያነሡ። የቀረው አንድ ጥቁር ቁምጣ፣ እምብርት ጋ ሳይደርስ ሐሳቡን የቀየረ ካናቴራ፣ በላዩም ከዳር እስከ ዳር የተለጠፈ የሚያብረቀርቅ ፈርጥ ነው። ማሸጊያው ላይ ያለችው ሴት ግን ደስታዋን አልቻለችውም። ምን አለባት፤ እሷ ፎቶ የተነሣችው ካሊፎርኒያ ነው።

እዚህ ሰሜን ሚኒሶታ ነው። ሃሎዊን፣ ሰው ሁሉ ሌላ ነገር መስሎ የሚለብስበት በዓል፣ ሲደርስ ሐይቁ ዳር ዳሩን በረዶ መያዝ ጀምሯል፤ ሰው ጠዋት ጠዋት የመኪናውን መስታወት እየፋቀ ፈጣሪውን ያማርራል። ያ አነሰና፣ ይህ ልብስ የሚለበሰው በረዶ ላይ ለመጫወት ነው። ከርሊንግ ማለት ደግሞ ቆሞ መታየት አይደለም። ያንን ትልቅ ድስት የሚያህል ድንጋይ ይዘሽ፣ አንድ ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ ሌላውን እግርሽን ወደ ኋላ ዘርግተሽ፣ ሆድሽ በረዶውን ሊስም ምንም እስኪቀረው ድረስ እየተንሸራተትሽ ድንጋዩን ወደ ሩቁ ክብ መልቀቅ ነው። ሁለት ጓደኞችሽ ፊት ፊቱን እየሮጡ መንገዱን በመጥረጊያ ይጠርጉለታል። ክቡ መሃል የተጠጋ ያሸንፋል። እንግዲህ ይህን ሁሉ በቁምጣ አድርጊ ነው የሚሏት።

«ሱሪ ብጨምርበትስ?» አለች ማርኒ ቀስ ብላ። «ጥቁር ሱሪ። ማንም አያውቅም።»

«ቡድን ነን» አለች ሮንዳ። «ቡድን አንድ ዓይነት ነው የሚለብሰው። ያልለበሰ አይጫወትም። ካልተመቸሽ ደግሞ አታስቢ፣ የታሚ እህት ቦታውን እየለመነችኝ ነው።»

እዚህ ላይ ማርኒ አፏን ዘጋች። የታሚን ቦታ እንዴት እንደጠበቀችው እግዜር ነው የሚያውቀው። ታሚ «ከእንግዲህ በረዶ የማየው ብርጭቆ ውስጥ ብቻ ነው» ብላ ወደ አሪዞና እስክትሄድ ድረስ፣ ማርኒ ከተመልካቾቹ መስታወት ጀርባ ሆና ስታጨበጭብ፣ የሰው ጓንት ስትይዝ፣ የታመመ ሲኖር ስትተካ ነው የኖረችው። በዚህ ከተማ ክረምት ረጅም ነው። ቡድን ያለው ሰው ክለብ ይሄዳል፣ ይስቃል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። ቡድን የሌለው ሰው ቤቱ ተቀምጦ ከማሞቂያው ጋር ያወራል። ማርኒ ከማሞቂያው ጋር ማውራት በቅቷታል።

«እሺ» አለች።

ነገሩ ደግሞ ከአለባበስ አልፎ የክብር ጉዳይ ሆኗል። የክለቡ የመክፈቻ ውድድር በየዓመቱ በሃሎዊን ሰሞን ቅዳሜ ነው፤ ሁሉም የሆነ ነገር መስሎ ለብሶ ይመጣል። ላሸነፈ ዋንጫ አለ፤ ላማረበት ደግሞ ወርቃማ ቀለም የተቀባ አሮጌ መጥረጊያ ይሸለማል። መጥረጊያውን የሚሸልሙት ዱዌይንና ሁለት ጓደኞቹ ናቸው። ከመስታወቱ ወዲያ፣ ሙቁ ባንኮኒ ላይ ቢራቸውን ይዘው ያያሉ፣ ይፈርዳሉ። የሮንዳ ቡድን መጥረጊያውን ዓመት በዓመት ይወስዳል። ዱዌይንና ጓደኞቹ ራሳቸው የሚለብሱትን ታውቃላችሁ? እንጨት ቆራጭ! ወፍራም ሸሚዝ፣ ወፍራም ሱሪ፣ ቦት ጫማ። ማለትም ማክሰኞ ዕለት የሚለብሱትን። ከላስቲክ የተሠራች መጥረቢያ ይጨምሩበትና «ዘንድሮስ ደከምን» ይላሉ። ወይ ጣጣ!

ማርኒ ልብሱን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ቤት ገባች። «ሸጉጣ» ያልኩት በእውነት ነው፤ ይሸጎጣል።

አያቷ አይሊ ወንበሯ ላይ ሆና ካልሲ ትሠራለች። ዘራቸው ከፊንላንድ የሆነ ሰዎች አያትን ሙሞ ነው የሚሉት፤ ማርኒም ሙሞ ነው የምትላት። እናቷ ነርስ ሆና ሌሊት ሌሊት ስትሠራ ያሳደገቻት ሙሞ ናት። ሙሞ እስከ ዛሬም ትጫወታለች፤ የአሮጊቶቹ ቡድን አለቃ ናት፤ ቅዳሜ ደግሞ ዕጣው ከሮንዳ ቡድን ጋር ጥሏታል።

«እስቲ ልየው» አለች ሙሞ።

ማርኒ አወጣችው። ሙሞ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች፤ ከዚያ መልሳ አወረደችው።

«ድንቼ፣ ይሄ ለብርጭቆ መወልወያ ነው?»

«ልብስ ነው ሙሞ። የቡድን ልብስ።»

«ቡድኑ ብርድ የለበትም?»

«ሮንዳ ካልለበስሽ አትጫወቺም አለችኝ።»

ሙሞ ሳቀች፤ ጥርሷን አሳይታ፣ ካልሲውን ደረቷ ላይ ጥላ ሳቀች። «እኛንም እኮ በወጣትነታችን ቀሚስ ካላደረጋችሁ በረዶው ላይ አትወጡም ብለውን ነበር። ወንዶቹ የሱፍ ሱሪያቸውን ግጥም አድርገው፣ እኛ በቀሚስ! "ሴት ልጅ ሱሪ ለብሳ ስትንበረከክ አያምርም" አሉን።»

«ታዲያ ምን አደረጋችሁ?»

«ለበስነዋ! ከሥሩ ደግሞ የባሎቻችንን ሱሪ ጠቅልለን ለበስን። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።» ተነሥታ ወደ ቁምሳጥኑ ሄደች። «አንቺም እንደሱ አድርጊ። ነይ፣ ቱታሽን ላውጣልሽ። ቱታውን ልበሺ፣ ያንን ጨርቅ በላዩ ላይ ጣል አድርጊው።»

ቱታ! ይህን ቃል ስትሰማ ማርኒ ደሟ ፈላ።

የዚህ አገር ልጅ ሁሉ ይህ ቁስል አለበት። ሃሎዊን ሲመጣ የእናቶች ሕግ አንድ ነው፤ መጀመሪያ የበረዶ ቱታ፣ ልብሱ በላዩ። ለዚህ ሲባል ልብሱ የሚገዛው ሁለት ቁጥር ከፍ ተደርጎ ነው። ስለዚህ ልዕልቷም ኳስ ናት፣ ጠንቋይዋም ኳስ ናት፣ ጀግናውም ኳስ ነው፤ ኳስና ኳስ ሆነው እየተንከባለሉ ቤት ለቤት ከረሜላ ይለምናሉ። ማርኒ አንደኛ ክፍል ሳለች የሌሊት ወፍ ነበረች። በዓለም ላይ ከምንም በላይ የፈለገችው እሱን ነበር፤ በበጋ ማታ ከጎተራው ጣሪያ ሥር ሲወጡ ታያቸው የነበሩትን፣ ክንፋቸውን ሲዘረጉ ጨረቃ የሚሸፍኑትን መሆን። ሙሞ ቱታውን አለበሰቻት፣ ቡናማውን። ጥቁሩ ጨርቅ ደረቷ ላይ አልዘጋ አለ፤ ክንፉ ከብብቷ ሥር ተጨናንቆ ቀረ። የመጀመሪያውን በር አንኳኩ። ጎረቤታቸው ወጡና፣ «ውይ፣ ድንች! እንዴት ያለች ቆንጆ ድንች ናት!» አሉ። ሙሞ በሳቅ ፈነዳች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ማርኒ ቤት ውስጥ «ድንቼ» ናት።

«አልለብስም!» አለች ማርኒ።

«ምነው? ብርድ እኮ...»

«ብርዱን አውቀዋለሁ! ሙሞ፣ ልጅ ሆኜ አንቺ ጠቀጠቅሽኝ። አሁን ደግሞ ሮንዳ ትገፍፈኛለች። አንዳችሁም፣ አንድ ቀን፣ ምን መልበስ ትፈልጊያለሽ ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ታውቃላችሁ?»

ሙሞ ቁምሳጥኑ ፊት እጇን በአየር ላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች።

«ያኔ እኮ ድንች አልነበርኩም» አለች ማርኒ፣ ድምጿ ተሰበረ። «የሌሊት ወፍ ነበርኩ። በየበሩ ስናገር ነበር። ማንም አልሰማኝም፤ ሁላችሁም እየሳቃችሁ ነበር።»

ይህን ብላ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ሙሞ ካልሲዋን አነሣች፣ ግን መርፌው ዝም አለ።

ምድር ቤት ውስጥ ማርኒ የተሰበሩ ሁለት ጥቁር ዣንጥላዎች አገኘች። አያቷ ምንም አትጥልም። ማርኒ ዣንጥላዎቹን አየቻቸው፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የራሷን ጥቁር የሱፍ ሹራብ አየችው። ከዚያ መቀስ ፈለገች።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ምድር ቤት ነበረች። የዣንጥላውን ጨርቅ ከነሽቦው እየቀደደች ከሹራቡ እጅጌና ጎን ጋር ሰፋችው፤ ክንዷን ስታወርድ ይታጠፋል፣ ስታነሣ ከወገቧ እስከ እጇ ጫፍ ይዘረጋል። ከሥሩ የሚለበስ ወፍራም ጥቁር ሱሪ አዘጋጀች። ጆሮዎቹን ከድሮ ጓንት ቆረጠቻቸው። መስታወት ፊት ቆማ ክንዶቿን ዘርጋ ስታደርጋቸው፣ ሽቦው ጠሽ ብሎ ተወጠረ፣ ጥላዋ ግድግዳውን ሞላው። ሳቀች፤ ብቻዋን፣ ልክ እንደ ልጅ። ከዚያ ሮንዳ ትዝ አለቻትና ክንዶቿን አወረደች።

ቅዳሜ ዕለት ሁለቱንም ይዛ ሄደች። ከላይ የሮንዳን ቁራጭ፣ ከቦርሳው ሥር ክንፎቿን። እዚያ ስደርስ ደፈር ብዬ እነግራታለሁ ብላለች። ሰው ቤቱ ሆኖ ሲያስብ ጀግና ነው።

ልብስ መለወጫው ክፍል ውስጥ ሦስቱም ከቤታቸው ለብሰው በካፖርት ተጠቅልለው መጥተዋል። ሮንዳ በሩ ላይ ቆማለች። የታሚ እህትም፣ አይ አጋጣሚ፣ መጥረጊያዋን ይዛ «ሰላም ልላችሁ ብዬ ነው» እያለች በኮሪደሩ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ማርኒ ቦርሳዋን ከፈተች። ክንፎቹን ነካቻቸው። የታሚን እህት አየቻት። ከዚያ ከላይ ያለውን አወጣችና ለበሰችው።

«በቃ፣ አምሮብሻል!» አለች ትሪሽ ወደ ሌላ ቦታ እያየች።

ካፖርታቸውን ጥለው ወደ በረዶው ወጡ። ብርዱ የማርኒን ሆድ በጥፊ መታው። ፀጉሯ ቆመ፤ ክንዷ፣ ጭኗ፣ ወገቧ እንደ ተነጨ ዶሮ ቆዳ ችፍ ችፍ አለ። ሦስቱን ሰረቅ አድርጋ አየቻቸው፤ ብዙ ልታይ አላስቻላትም፤ አራቱም እርስ በርሳቸው ላለመተያየት ጣሪያ ጣሪያውን ነው የሚያዩት። ግን ይገርማል፤ የነሱ ቆዳ ልስልስ ብሎ ነው ያለው። አይንቀጠቀጡም። ጆሊንማ ጭራሽ ላብ ላብ ያላት ትመስላለች። «እኔ ብቻ ነኝ እንዴ ሰው?» አለች ማርኒ በልቧ። «ወይስ እነሱ ለምደውት ነው?»

ከመስታወቱ ወዲያ ዱዌይን በላስቲክ መጥረቢያው ሰላምታ ሰጣቸው።

ከወዲያኛው ጫፍ የሙሞ ቡድን መጣ። ጉዳቸውን ስሙ። አራቱ አሮጊቶች ከሳውና፣ ከእንፋሎት መታጠቢያው፣ የወጡ መስለው ነው የመጡት፤ ራሳቸው ላይ የሻወር ቆብ፣ ትከሻቸው ላይ ሲታጠቡ ገላ የሚመታበት የበርች ዛፍ ቅጠል፣ ከብብታቸው እስከ ጉልበታቸው ነጭ ፎጣ፣ ከፎጣው ሥር ግን እስከ አንገት የተዘጋ የበረዶ ቱታ። ራቁታቸውን የሆኑ ሴቶች መስለው እንደነሱ የሞቀው ሰው በሜዳው ላይ አልነበረም። ሙሞ ማርኒን አየቻት። «ድንቼ» ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

ጨዋታው ተጀመረ። ጋሽ ኦርቪል የበረዶው ጠባቂ ናቸው። በረዶውን ከሚስታቸው አብልጠው ይወዱታል ይባላል፤ ሚስታቸውም ትላለች። ማንም ሰው ጫማውን ሳይጠርግ አይረግጠውም፤ ሹራቡ የሚያራግፍ ሰው ይባረራል፤ ምክንያቱም አንዲት ፀጉር እንኳ ብትወድቅ ድንጋዩ ይይዛትና መንገዱን ይስታል። ይህን ሮንዳ ታውቃለች። ጆሊንና ትሪሽም ያውቃሉ። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ያውቁታል። እንዲያም ሆኖ ዘንድሮ «ለየት እንበል» ተብሎ ፈርጥ ሲመረጥ፣ እንዴት እንደሚታይ እንጂ የት እንደሚራገፍ ያሰበ የለም።

መጀመሪያ ትሪሽ ተንበረከከች። ጠሽ አለ። ሁለት ፈርጥ ዱብ ዱብ አሉ። ጆሊን ተዘረጋች፤ አንድ እፍኝ ተራገፈ። ማርኒ ጥርሷ ገጭ ገጭ እያለ ድንጋዩን ለቀቀች፤ ድንጋዩ ደህና ሲሄድ ሲሄድ ድንገት እንደ ግትር በቅሎ ቀጥ አለ።

«ጥረጉ!» ጮኸች ሮንዳ። «ጥረጉ እንጂ! ምን ነክቷችኋል!»

በጠረጉ ቁጥር ራሳቸው ይራገፋሉ። የሙሞ ድንጋይ እንኳን መሃል መንገድ ላይ ጎበጥ ብሎ ከሜዳው ወጣ። ሙሞ ነገር አትወድም፤ ስትሸነፍ ግን ነገር ትፈልጋለች። ጎንበስ ብላ ከበረዶው ላይ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር በጣቷ ጫፍ አነሣች።

«ኦርቪል! ና እስቲ! ይሄ ያንተ ነው?»

ጋሽ ኦርቪል መጥተው አዩት። ፊታቸው መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ። ፉጨታቸው አዳራሹን ሰነጠቀው።

«በረዶዬ ላይ! በረዶዬ ላይ ፈርጥ! የሚያራግፍ ልብስ የለበሰ ሁሉ ወይ ያውልቀው ወይ ይውጣ!»

«ጋሽ ኦርቪል፣ እንዴት ነው የምናወልቀው?» አለች ሮንዳ። «ሌላ ልብስ የለንም።»

ከመስታወቱ ወዲያ ወንዶቹ ሁሉ ብድግ አሉ። ጋሽ ኦርቪል ያሉት ነገር አሁን ገባቸውና ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «እኔ... ማለቴ... እንደሱ ማለቴ አይደለም። ግን ካልሆነ ጨዋታው ለአይሊ ይሰጣል።»

ሮንዳ የውጤት ሰሌዳውን አየች። መስታወቱን አየች። ከዚያ የዓመታት ትንፋሽ የሚመስል ትንፋሽ አወጣችና እጇን ወደ ዚፑ ሰደደች።

«ሮንዳ!» አለች ማርኒ ደንግጣ።

ዚፑ ወረደ። ካናቴራው ወደቀ፤ ቁምጣው ወደቀ። ሮንዳም ቆመች፤ ከአንገቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገላ በሚመስል ታይት ተሸፍና፣ ቀረብ ብሎ ላየው ከታይቱ ሥር ደግሞ ወፍራም የሱፍ የውስጥ ልብስ ይታያል፣ ጉልበቱ ላይ የተጣፈ። ዱዌይን ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«እኔም አለኝ» አለች ትሪሽ በትንሽ ድምፅ፣ ዚፗን ከፈተች። የሷም ሱፍ ነው፤ ድርብ።

ጆሊን ስትከፍተው ደግሞ፣ ወገቧ ዙሪያ በፕላስተር የተለጠፉ የአዳኞች ማሞቂያ ከረጢቶች አንድ በአንድ በረዶው ላይ ወደቁ። ጋሽ ኦርቪል በረዶው እንዳይቀልጥ እየጮኹ ሮጠው ለቀሟቸው።

ማርኒ ሦስቱን አየቻቸው። አፏን መዝጋት አልቻለችም። «እኔ... እኔ ብቻ ነኝ? ከዚህ ሁሉ ሰው እውነቴን የለበስኩት እኔ ብቻ ነኝ?»

«ምንም አልለበስሽም ከሥሩ?» አለች ሮንዳ ደንግጣ። «ልጄ፣ አብደሻል? ብርድ እኮ ነው!»

«አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ!»

«ዘዴውን ታውቂያለሽ ብዬ ነዋ! እኔ ይሄን ነገር መች ወደድኩት? ያኔ ታሚ ናት ያመጣችው። ይወዱታል ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ በየዓመቱ አንዷ እምቢ ትላለች ብዬ ስጠብቅ...»

«እኔ አንቺ የምትወጂው መስሎኝ ነው» አለች ጆሊን።

«እኔ ደግሞ ጆሊን የምትወደው መስሎኝ» አለች ትሪሽ።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይላሉ። እዚህ ሦስት ዶሮዎች ናቸው፤ ታንቀው ሊሞቱ እርስ በርስ ሲጠባበቁ የኖሩ።

ሮንዳ ወደ ማርኒ ዞረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ የሳቅ ይሁን የእልህ አይለይም። «አንቺስ ምነው አልተናገርሽ?»

«"ግማሹ የት አለ?" አላልኩሽም?»

«ቀልድ መስሎኝ!»

መጀመሪያ የሳቀችው ትሪሽ ናት። ከዚያ ጆሊን፤ ከዚያ ሮንዳ ጉልበቷን ይዛ፣ የተጣፈውን ጉልበቷን ይዛ፣ እስክታለቅስ ሳቀች። ማርኒም ሳቀች፤ ግን እሷ እየሳቀች ትንቀጠቀጥ ነበር።

«ሳቃችሁን ጨርሱ!» አሉ ጋሽ ኦርቪል ሜዳውን እየጠረጉ። «የመጨረሻው ድንጋይ ቀርቷል። የማነው?»

የማርኒ ነው። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። የምታወልቀው የላት፣ የምታራግፈው ግን ሞልቷታል። ሙሞ ከወዲያ ጫፍ ፎጣዋን ገለጥ አድርጋ የቱታዋን ዚፕ እያወረደች ስትሮጥ መጣች። «ነይ፣ የኔን ልበሺ! ነይ!»

«ቆይ ሙሞ!» አለች ማርኒ። እጇን ዘርግታ አስቆመቻት። «የራሴ አለኝ።» ወደ ሮንዳ ዞረች። «ሮንዳ፣ የራሴን ነው የምለብሰው። ካልሆነ ደግሞ የታሚ እህት ውጭ ናት።»

ሮንዳ የራሷን የሱፍ ልብስ ጎንበስ ብላ አየች። «እኔ እንዲህ ሆኜ ቆሜ አንቺን ልከለክል?» አለች። «ሂጂ። ቶሎ በይ።»

ማርኒ ተመልሳ ወጣች። ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ሹራብ፣ የጓንት ጆሮ፣ ክንዷ ሥር የታጠፈ ጨርቅ። እስካሁን ምን እንደሆነች አያስታውቅም። ከመስታወቱ ወዲያ ዱዌይን ግንባሩን ከስክሶ ያያል፤ አፉ ላይ አንድ ቃል እየመጣ ነው። ማርኒ ያንን ፊት ታውቀዋለች። አንደኛ ክፍል ሳለች ከየበሩ ላይ ያየችው ፊት ነው።

ተንበረከከች። ድንጋዩን በቀኝ እጇ ያዘች፣ መጥረጊያዋን በግራ። እግሯን ዘርግታ ተወረወረች፤ ክንዶቿ ሲከፈቱ ሽቦው ጠሽ አለ፣ ክንፎቹ ከወገቧ እስከ እጇ ጫፍ ተዘረጉ፣ ጥላዋ በነጩ በረዶ ላይ ሰፍቶ ከሥሯ አብሯት ሄደ። አንዲት ነገር አልወደቀችም። ድንጋዩን ለቀቀችው። በሱፍ የውስጥ ልብስ ያሉት ሁለቱ ሴቶች ፊት ፊቱን እየጠረጉ ሮጡ፤ ሮንዳ ከክቡ ዘንድ «በርቺ! በርቺ! በርቺ!» ትላለች። ድንጋዩ ክቡ ውስጥ ገባ። መሃሉ ላይ ሊደርስ ሲል ቆመ፤ የሙሞ ድንጋይ በጣት ስፋት ቀድሞታል። ሙሞ ማሸነፍን እንኳን ለልጅ ልጇ ለፈጣሪም አትለቅም።

ተሸነፉ። ማርኒ ግን እንደተዘረጋች፣ ክንፏን ሳታጥፍ፣ አገጯን ከበረዶው አንድ ስንዝር አንሥታ የምትጠብቀው ሌላ ነገር ነበር።

ሙሞ ከክቡ መሃል አየቻት። የሻወር ቆቧን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች። ለድሉ አልጮኸችም። አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ፣ ዱዌይንም ከነመጥረቢያው እንዲሰማ፣

«የሌሊት ወፍ ናት!» አለች። «የኔ ልጅ የሌሊት ወፍ ናት! ዓይን ያለው አይቷል?»

ማርኒ ተነሣች። እንባዋ እንዳይታይባት ክንፏን ከፊቷ አደረገች።

ሙሞ እየተንገዳገደች በረዶውን አቋርጣ መጣች። ፎጣዋ መሬት ለመሬት ይጎተታል። አጠገቧ ስትደርስ ከቱታዋ ኪስ የራሷን ወፍራም የሱፍ ኮፍያ አወጣች፤ ከልማድ የተነሣ እጇ ወደ ማርኒ ጆሮ ሄደ። መንገድ ላይ ቆመ። ሙሞ ኮፍያውን መዳፏ ላይ አድርጋ ዘረጋችላት።

«ከፈለግሽ» አለች። «ከፈለግሽ ብቻ።»

ማርኒ ኮፍያውን አየችው። ቡናማ ነው፤ አስቀያሚ ነው፤ ጆሮዎቿን ይሸፍንባታል። ብርዱ ግን አጥንቷ ድረስ ዘልቋል።

«እፈልጋለሁ» አለች፤ ወስዳም ራሷ አጠለቀችው።